ቴስተር ምን ያደርጋል?

ባለሙያ ጋ የሚሄድ ሰው ፈሪ ነው። ጀግና ማለት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁምጣውን አጥልቆ፣ የቪትዙን ኮፈን ገልጦ፣ በአንድ ቁጥር 10 ቁልፍና በአንድ ጥቅል ናስትሮ የሚዘምት ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ዓይነት ጀግና በየግቢው ስላላት ልትኮራ ይገባል።

መኪናዋ ጠዋት አልነሳ አለች እንበል። ተራ ሰው ቢሆን መጀመሪያ "ለምን?" ይል ነበር። የእኛ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ሶማሌ ተራ ወርዶ ባትሪ ገዝቶ ይመጣል። አዲሱ ባትሪ ጥቂት ቀን በሰላም ያስነሳና እሱም ይሞታል። "ፎርጅድ ሸጡልኝ!" እርግጥ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መነበብ አለበት፤ 12 ላይ ቆሞ ከቀረ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም። ይህን ለማወቅ ቮልት የሚለካ ርካሽ ቴስተርና ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ግን ማን ግማሽ ደቂቃ አለው? ያለው ሙሉ እሁድ ነው።

ደግሞስ ቴስተር ምን ያደርጋል፣ ጣት እያለ? ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ቀድሞ ይነቀል፣ ሲታሰርም መጨረሻ ይታሰር የሚሉ አሉ፤ ቁልፉ ፖዘቲቩን ሲፈታ ቦዲውን ከነካ ይፈነዳል እያሉ ሰው ያስፈራራሉ። ብልጭታ ሳያይ የሚሠራ ሰው ኤሌክትሪክ መኖሩን በምን ያውቃል?

ዲናሞ የሚመረመርበት ዘዴማ ለብቻው ይወደሳል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ ካልጠፋች "ዲናሞው አንበሳ ነው!" ይባላል። በካርቡሬተር ዘመን የመጣ ጥበብ ነው። ዛሬ ገመዱ ሲነቀል የሚዘለው ቮልቴጅ የመኪናዋን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ከተቃጠለ ደግሞ መኪናዋ ትጠፋለች፤ ከጠፋች ዲናሞው ተበላሽቷል ማለት ነው። እንዲህ ሁልጊዜ መልስ የሚሰጥ ምርመራ የትኛው ሆስፒታል አለ?

ወደ ፊውዝ ስንመጣ ግን ባርኔጣ ይነሳል። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ቀድሞ እንዲሞት ነው፤ በተቃጠለ ቁጥር "የሆነ ቦታ ተገናኝቷል" እያለ ነው። የእኛ ሰው ይህን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ቀዩ 10 አምፔር ተቃጠለ? ቢጫውን 20 ይሰካል። ቢጫውም አልቻለም? አረንጓዴው 30 አለ። የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለማት ከታች ወደ ላይ ወጣቸው ማለት ነው፤ አገር ወዳድነት ከዚህ በላይ የለም። ከአረንጓዴው በላይ ቀለም ሲያጣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰካዋል። እነሆ ፊውዝ መቃጠሉን አቆመ! ከዳሽቦርዱ ስር የሚሸተው ሌላ ነገር ነው።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ብሎን ይተርፋል። "ጃፓኖች ብሎን ያበዛሉ።" የተረፈው ብሎን የባትሪውን ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር የሚያስረው ሆኖ ሲገኝ ትርዒቱ ይጀምራል፦ መብራቱ ይደክማል፣ ሬዲዮው በየነጋው ሰዓቱን ይረሳል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም እንደ አዛውንት ያቃስታል። ታዲያ የተረፈ ብሎን መልሶ ማሰር ምን ክብር አለው? ሞተሪኖው ይቀየራል። ሞተሪኖው ሲቀየር የጎረቤት አባወራዎች ኮፈኑን ከበው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ፤ አንዱ ካንዴላ ነው ይላል፣ ሌላው ነዳጁ ውሃ አለው ይላል፣ ዘበኛው ዓይን በልቷት ነው ይላል። ሦስቱም ይሞከራሉ። (ዘበኛው ያለው ቢያንስ ወጪ የለውም።)

መጨረሻ ላይ መኪናዋ ተጎትታ ኤሌክትሪሺያኑ ዘንድ ትደርሳለች። እዚህ ላይ የጀግናችን ትሕትና ይገለጣል፤ የሠራውን ሁሉ ይደብቃል።

"ጋሼ፣ ማን ነክቷት ነበር?"

"ማንም! ቆማ ነው እንዲህ የሆነችው።"

ኤሌክትሪሺያኑ በሦስት ዓይነት ናስትሮ የተጠመጠመውን ሽቦ እያየ ዝም ይላል። የተነካካው ስለተደበቀበት ስህተቱን ከዜሮ ሲፈልግ ይውላል፤ በመጨረሻ አንድ ብሎን ያስርና ሒሳቡን ይናገራል። "ለአንድ ብሎን?!" ባትሪ፣ ሞተሪኖና አራት ካንዴላ ሲገዛ ያልተከራከረ ሰው የኢኮኖሚ ባለሙያ የሚሆነው አሁን ነው።

አንዳንዶች ይህ ጥበብ ይጠፋል ብለው ሰግተው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲወስንና ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ። በከንቱ ነው። ባለፈው አንዱ ጎረቤት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አምጥቶ ኮፈኑን ሲከፍት የሰፈሩ ባለ ቁጥር 10 ቀድሞ ደርሶ ነበር። ብዙ መቶ ቮልት የሚያልፍበት፣ አትንኩኝ እንዲል ተብሎ ብርቱካናማ የተቀባው ወፍራም ገመድ ላይ ዓይኑን ጣለ።

"ይቺ ትንሽ ላልታለች መሰለኝ። ናስትሮ አለህ?"