ማስተካከያ፦ የፕለጊን አክቲቬሽን ሁክ የት ይጻፍ?

ባለፈው ሳምንት ስለ ዎርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ፕለጊን፣ ማለትም በላዩ ስለሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም፣ በጻፍኩት ላይ ስህተት አለ። አክቲቬሽን ሁክ ማለት ፕለጊኑ ሲነሳ (‹አክቲቬት› ሲደረግ) አንድ ፈንክሽን እንዲጠራ የሚያደርግ ምዝገባ ነው። «የአክቲቬሽን ሁኩን ኢንክሉድስ ፎልደር ውስጥ ባለ ፋይል ጻፉት፤ ከፊትና ከኋላው በሁለት በሁለት የታች ሰረዝ የታጀበውን የፒኤችፒ ቃል ‹ፋይል› (__FILE__) ስጡት፤ ይሠራል» ብዬ ነበር። አይሠራም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያ ቃል የሚሰጠው የተጻፈበትን ፋይል መንገድ (አድራሻ) ነው እንጂ የፕለጊኑን ዋና ፋይል አይደለም። ዎርድፕሬስ ደግሞ ፕለጊኑ ሲነሳ የሚፈልገው በዋናው ፋይል የተመዘገበውን ሁክ ነው። ካልገጠመ ዝም ብሎ ያልፋል። የስህተት መልእክት እንኳ አያወጣም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክመው በዚህ ነው። ስለዚህ ምዝገባውን በዋናው ፋይል ላይ፣ በቀጥታ ጻፉት። ‹ኢኒት› ወይም ‹ፕለጊንስ ሎድድ› በሚባሉት የዎርድፕሬስ ሁኮች ውስጥም አትክተቱት፤ ፕለጊኑ ሲነሳ ሁለቱም አልፈዋል። የሚጠራው ፈንክሽን ግን ሌላ ፋይል ውስጥ ቢሆን ችግር የለውም፤ ፋይሉ ቀድሞ ሌላ ፋይል በሚያስገባው የፒኤችፒ ትእዛዝ በ‹ሪኳየር ዋንስ› ይግባ።

ይህን ያገኘሁት ከዎርድፕሬስ ይፋዊ የገንቢዎች ሰነድ ነው። እዚህ ደሴም በራሴ ኮምፒውተር ሞክሬ አረጋግጫለሁ።

ምክሬን የተከተለ አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ ለሱቅ የሠራው ፕለጊን ትእዛዝ አልመዘግብ አለው። ለካ ሁኩ ስላልሠራ በሱ ሊፈጠር የነበረው የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ከነጭራሹ አልተፈጠረም። እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ ኮዱን አርሙና ፕለጊኑን አጥፍታችሁ መልሳችሁ አስነሱት። ‹ዲሊት› ግን አትበሉ፤ የማራገፊያ ኮድ ካለው ዳታውን ሊያጠፋ ይችላል። የደንበኛ ሳይት ላይ አፕዴት መላክ ብቻ አይበቃም፤ ከዎርድፕሬስ 3.1 ጀምሮ ይህ ሁክ በአፕዴት ጊዜ አይሠራም።