ማስተካከያ፦ ትእዛዙ ተሻረ እንጂ ገደቡ አልጠፋም

«ትራምፕ የባይደንን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትእዛዝ ስለሻሩ፣ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቴክኖሎጂውን እንዳሻቸው ይጠቀማሉ» ሲባል ሰንብቷል። ግማሹ እውነት ነው። ትእዛዙ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ተሽሯል። ግን በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የዋይት ሀውስ የበጀት ቢሮ መሥሪያ ቤቶቹ ቴክኖሎጂውን እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚደነግገውን የቀድሞ መመሪያ በአዲስ ተክቷል።

በአዲሱ መሠረት፣ የሰውን መብት ወይም ደህንነት በእጅጉ የሚነካ ሲስተም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መፈተሽ አለበት። ሊያስከትል የሚችለው ጉዳትም ይገመገማል። ሰው ይቆጣጠረዋል፤ በውሳኔው የተጎዳ ሰውም እንደ አግባቡ ይግባኝ የሚልበት መንገድ ሊመቻችለት ይገባል። መሥሪያ ቤቶቹ የሚጠቀሙባቸውን ሲስተሞች በየዓመቱ የመመዝገብ ግዴታቸውም አልቀረም።

ቀዳዳ የለውም ማለት ግን አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኃላፊ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ አንዳንዱን ግዴታ ማንሳት ይችላል። የብሔራዊ ደህንነት ሲስተሞችን ደግሞ መመሪያው ጭራሽ አይነካቸውም።