ቅቤውን ከጨቅላው አፍ አርቁ

ወገኖቼ፣ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ገንፎውን ብሉ፣ እናቲቱን መርቁ፣ ልጁን ግን ተዉት። ቅቤ አታልሱት። የስኳር ውሃም የአብሽ ውሃም አታቅምሱት። «አንጀቱን ያለሰልስለታል» እየተባለ እስከ መቼ? የጨቅላ አንጀት ገና ስስ ነው፣ ከጡት ሌላ የሚገባበት ነገር ተቅማጥና ኢንፌክሽን ይዞበት ሊመጣ ይችላል።

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ የእንገሩ ነገር ነው። ያ ወፍራም ቢጫ ወተት «ሆድ ያሳምማል» ተብሎ መሬት ላይ ይታለባል። ኧረ በፈጣሪ! እንገሩ መጠኑ ትንሽ የሆነው የልጁ ሆድም ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በሽታ የሚከላከልለት ነገር የታጨቀው እሱ ውስጥ ነው። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ።

ያለጊዜው ለተወለደማ ጉዳዩ የባሰ ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የመጣ ልጅ ከእናቱ ብረትና ስብ የሚያከማችባቸው፣ አንጎሉም በፍጥነት የሚያድግባቸው የመጨረሻዎቹ ሳምንታት አምልጠውታል፤ ያንን ማካካስ ያለበት ውጭ ሆኖ ነው። ከ34 ሳምንት በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ ስለሚያቅታቸው የታለበ የእናት ወተት በቱቦ ወይም በኩባያ ይሰጣቸዋል። አንጀታቸውን አቁስሎ የሚገድል ሕመም አለ፣ የእናት ወተት በሚያገኙት ላይ ግን ይቀንሳል። በጣም ለትንንሾቹ ተጨማሪ ብረትና ሌላም ያስፈልጋል። እሱን ሐኪም ይዘዝ እንጂ ጎረቤት አይዘዝ።

እናንተ ግን ምን ትሏታላችሁ? «ወተትሽ ውሃ ነው፣ የጣሳ ወተት ግዢለት።» ልጇ ማሞቂያ ውስጥ ተኝቶ ሌሊት ሳይቀር እየተነሳች ጡቷን ለምታልብ እናት ይህ ይባላል? ቀድማ የወለደች እናት ወተት እኮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፕሮቲኑ በጊዜዋ ከወለደችው ይበልጣል። ወተቱ የሚጨምረው በመታለብ ነው፣ ጭንቀት ግን አወራረዱን ይይዘዋል። ስለዚህ አፋችሁን ያዙላትና ምግብ ሠርታችሁ ውሰዱላት። አባት የሆንከው ደግሞ ሸሚዝህን አውልቅና ልጁን ገላ ለገላ ደረትህ ላይ እቀፈው፣ እሷ ትንሽ ትተኛ።

አለቆችም አላችሁ። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነው፣ ልጁ ግን ጡት ብቻ መጥባት ያለበት 6 ወር ሙሉ ነው። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ 6 ወር እስኪሞላው ያለውን ጊዜ የምትሸፍኑላት እናንተ ናችሁ። የሚቆለፍ ክፍልና ፍሪጅ ስጧት፣ መጸዳጃ ቤት ቆማ አልባ አትድፋው።