ማስተካከያ፦ አዲስ ዓሣ ከነከረጢቱ ውኃ አይገለበጥም

የቤት ውስጥ ዓሣ አያያዝን በተመለከተ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ አዲሱ ዓሣ የመጣበት የላስቲክ ከረጢት ገንዳው ላይ ለ15 ደቂቃ ከተንሳፈፈ በኋላ «ከነውኃው ይገለበጣል» ተብሎ ነበር። «ከነውኃው» የሚለው ይሰረዝ።

ማንሳፈፉ ትክክል ነው፤ የሁለቱን ውኃ ሙቀት ያቀራርባል። ከዚያ ያለፈ ግን አይረዳም። የከረጢቱ ውኃ የዓሣውን ቆሻሻ፣ አንዳንዴም በሰውነት ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ከሱቁ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዓሣው በመረብ ይወጣ፣ ውኃው ይደፋ።

«ቀስ በቀስ ማላመድ» የተባለውም ገደብ አለው። ከቅርብ ሱቅ ለመጣ ዓሣ የገንዳውን ውኃ በየጥቂት ደቂቃው በትንሽ በትንሹ ወደ ከረጢቱ መጨመር ጥሩ ነው። ለረጅም ሰዓታት ታሽጎ የተጓዘው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በከረጢቱ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው፣ ከዓሣው የወጣው አሞኒያ በአብዛኛው ጉዳቱ አነስተኛ በሆነ መልኩ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፤ አሲዳማነቱ ይቀንሳል፤ ያው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዓሣ በተከፈተ ከረጢት ለሰዓታት «ማላመድ» በደግነት ስም መመረዝ ነው። ሙቀቱ እንደተቀራረበ ቶሎ ይውጣ።

ሌላ ገንዳ ያለው ሰው አዲሶቹን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለብቻቸው ቢያቆይ ይመረጣል። መብራት አጥፍቶ ማስገባት የሚለው ምክር እንዳለ ይቆያል።