ሜዳው ደጃችሁ ነው፤ እናንተ የላችሁም

የፉትስክሬይ፣ የሰንሻይን፣ የፍሌሚንግተን ፎቆች፣ በጠቅላላው የሜልበርን ምዕራብ ወገኖቼ ሆይ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መሐላውን ምላችሁ ፓስፖርቱን ወስዳችኋል። ምርጫ ሲመጣ ተሰልፋችሁ በየስሙ አንጻር ቁጥር ትጽፋላችሁ። ዜጋ ናችሁ። ታዲያ ጎረቤታችሁ ምን እንደሚያንገበግበው ሳታውቁ ግድግዳ ተጋርታችሁ መኖራችሁ ምን ይባላል?

የማወራው ስለ ፉቲ፣ ስለ አውስትራሊያኖቹ የራሳቸው ኳስ ጨዋታ ነው። አዎ፣ «የእንቁላል ኳስ» እያላችሁ ስለምታሾፉበት ጨዋታ። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ቡናችንን ይዘን ስንቀመጥ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስካርፍ የጠመጠሙ አዛውንት ጠጋ ይሉና ስለ ድሮው ቅዳሜ፣ ስለ ድሮው የሰፈር ሜዳ ያወራሉ። በትሕትና ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ዞር ሲሉ ደግሞ እንስቃለን።

የሰው ናፍቆት የሚያስቀን እኛ ነን እንግዲህ! የሰፈራችን ሜዳ ላይ ፎቅ ተሠራበት ብለን በየሠርጉና በየለቅሶው የምንተክዘው እኛ። የካልሲ ኳስና የጃንሜዳ አቧራ ሲነሣ ድምፃችን የሚሰበረው እኛ። ሌላው ሰው ባያውቅበት እንኳ እኛ ልናውቅበት ይገባ ነበር።

እስቲ ምን እንዳጡ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የቪክቶሪያ ሊግ፣ በአጭሩ ቪኤፍኤል፣ በ1897 በስምንት ክለቦች ተጀመረ። በ1925 ፉትስክሬይ፣ ሃውቶርንና ኖርዝ ሜልበርን ሲገቡ 12 ሆኑ። ከጂሎንግ በቀር ሁሉም የዚህችው ከተማ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ 8 ሰዓት ከ10 ገደማ ሲሆን ስድስቱም ጨዋታ በስድስት ሜዳ ባንድ ጊዜ ይጀመራል። ከዚያ በፊት ተጠባባቂዎቹ ይጋጠማሉ፤ በጊዜ የሄደ ሰው ሁለት ጨዋታ ያያል። ብዙው ሕዝብ የሚያየው ቆሞ ነው። ተጫዋቾቹ በመኖሪያ ክልል ይመደቡ ስለነበር ዛሬ ሜዳ ላይ የምትጮኹለት ልጅ ሰኞ ቧንቧ ሊጠግን ወይም ደብዳቤ ሊያደርስ ቤታችሁ ሊመጣ ይችላል። የመጨረሻው ሳይረን ሲጮኽ ልጆች አጥሩን ዘለው ሣሩ ላይ ይፈስሳሉ፤ ከአባቶቻቸው ጋር እስኪመሽ ኳስ ይለጋሉ።

ሜዳዎቹም አንድ ዓይነት አልነበሩም። ፉቲ የሚጫወቱት በክሪኬት ሜዳ ላይ በመሆኑ እንደ እግር ኳስ የተወሰነ ልክ የለውም። የሃውቶርን ሜዳ ግሌንፈሪ ከጥበቱ የተነሣ የሰርዲን ቆርቆሮ ይሉት ነበር። የሴንት ኪልዳው ሙራቢን በጭቃው ይታወቃል። የእኛው፣ ባርክሊ ጎዳና ላይ ያለው ዌስተርን ኦቫል፣ በነፋሱ። አዎ፣ «የእኛው» አልኩ። በ1955 ኮሊንግውድ ሊጫወት ሲመጣ እዚያ ሜዳ 42,354 ሰው ገብቷል። ስታልፉበት ያን ሕዝብ የት እንደቻለው መገመት ያቅታችኋል።

ከዚያ ክለቦቹ አንድ በአንድ የሰፈር ሜዳቸውን ለቀቁ። ሪችመንድ ፐንት ሮድን በ1964 ትቶ ወደ ከተማው ትልቁ ስታዲየም፣ ወደ ኤምሲጂ፣ ተሻገረ። ሃውቶርን በ1973፣ ኖርዝ ከአርደን ጎዳና በ1985፣ ኤሰንደን በ1991፣ ሴንት ኪልዳ በ1992 ሄዱ። ሳውዝ ሜልበርን ጭራሽ ከተማውን ለቆ በ1982 ሲድኒ ገባ። ኮሊንግውድ ቪክቶሪያ ፓርክን በ1999 ተሰናበተ፤ ካርልተን በ2005 የመጨረሻውን ጨዋታ ፕሪንስስ ፓርክ ላይ አደረገ። ሊጉ በ1990 ስሙን ወደ ኤኤፍኤል ቀየረና አገር አቀፍ ሆነ፤ በ2000 ዶክላንድስ ጣሪያው የሚዘጋ ስታዲየም ተከፈተ። ዛሬ ከኤምሲጂና ከዶክላንድስ ውጭ ትልቅ የወንዶች ጨዋታ ለማየት እንደ ጂሎንግ ያለ ሌላ ከተማ ድረስ መሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገው ገንዘብ ብቻ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። አልስማማም። የቴሌቪዥን ገንዘብ አለበት፤ ያረጁ መቀመጫዎችና የሚያሳፍሩ ሽንት ቤቶችም አሉበት። ግን በ1980ዎቹ የፉትስክሬይ ተመልካች ሳስቶ ነበር። ዛሬ ናፈቀን ከሚሉት ብዙዎቹ ያኔ ቅዳሜ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ይህን ለእነሱም እነግራቸዋለሁ፤ ግን እነሱ አማርኛ አያነቡም፣ እናንተ ታነባላችሁ።

ደግሞ አንዳንዶቻችሁ ከሽማግሌዎቹ ብሳችሁ «ድሮ ጥሩ ነበር» ማለት ጀምራችኋል። ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ሚያዝያ 17 ቀን 1993 የሴንት ኪልዳው ኒኪ ዊንማር፣ የኑንጋር ሕዝብ ተወላጅ፣ ቪክቶሪያ ፓርክ ላይ ሲጫወት ዋለ። የኮሊንግውድ ደጋፊዎች ቀኑን ሙሉ በቆዳው ሲሰድቡት ዋሉ። ቡድኑ አሸነፈ። ጨዋታው ሲያልቅ ማሊያውን ወደ ላይ ገልጦ፣ በጣቱ ጥቁር ሆዱን እያመለከተ በሕዝቡ ፊት ቆመ። ያ ፎቶግራፍ ዛሬ በዚህ አገር ሁሉ ይታወቃል። ያ ሁሉ የሆነው በዚያ ተወዳጅ፣ ጠባብ፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት የሰፈር ሜዳ ነው። ኤኤፍኤል ተጫዋች በዘሩ እንዳይሰደብ ደንብ ያወጣው በ1995 ነው፤ ያውም ማይክል ሎንግ የተባለ ሌላ የአገሬው ተወላጅ አቤት ካለ በኋላ። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ለብሳችሁ ያለ ማመንታት የድሮውን ቅዳሜ ስታሞግሱ እታዘባችኋለሁ። እንድታዝኑላቸው እንጂ እንድትዋሹላቸው አልጠየቅኋችሁም።

አሁን ወደ 1989 ልውሰዳችሁ። በዚያ ዓመት ጥቅምት መግቢያ ላይ ፉትስክሬይ ዕዳ ስለበዛበት ከፊትዝሮይ ጋር ተቀላቅሎ «ፊትዝሮይ ቡልዶግስ» ይሆናል ተባለ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ፒተር ጎርደን የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ ግን ሰው አስተባበረ። አይሪን ቻትፊልድ የምትባል ተራ ደጋፊ በስሟ ክስ መሠረተች፤ ፍርድ ቤቱም ውሕደቱን ለጊዜው አገደው። ሺዎች ዌስተርን ኦቫል ላይ ተሰበሰቡ። ከዚያ በየደጃፉ እየዞሩ አንኳኩ፤ ከሠራተኛ ቤት፣ ከሱቅ፣ ከጡረተኛ ሳንቲም ለቀሙ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባ፤ ክለቡም ዳነ።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እድርና እቁብ ስለምታውቁ ነው። አንድ ሰው ሲሞትብን በሁለት ቀን ውስጥ ሬሳውን አገር ቤት የሚያደርስ ገንዘብ የምናሰባስብ ሕዝብ ነን። የፉትስክሬይ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ክለባቸው ሳይሞት መድረሳቸው ነው። ያኔ በር ከሚያንኳኩት መካከል ዛሬ አጠገባችሁ በረንዳ ላይ የሚቀመጡ አሉ። ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?

የፊትዝሮይ ዕጣ ሌላ ሆነ። ብሩንስዊክ ጎዳና ላይ የነበረውን ሜዳውን በ1966 ከለቀቀ በኋላ የራሱ ቤት አልነበረውም። ሠላሳ ዓመት ከሰው ሜዳ ወደ ሰው ሜዳ ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ ከ1994 እስከ 1996 እዚሁ ዌስተርን ኦቫል ላይ ተጠግቶ ተጫወተ። በ1996 የመጨረሻ ጨዋታውን በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ በፐርዝ አድርጎ ከብሪዝበን ጋር ተዋሐደ። ጥገኝነት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ደስ የሚለው፣ ከ2009 ጀምሮ ፊትዝሮይ በአማተር ሊግ እዚያው ብሩንስዊክ ጎዳና ሜዳው ላይ ተመልሶ ይጫወታል። ሣሩን ከበው የሚቆሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ግን ይቆማሉ።

ፉትስክሬይም ቢሆን ዳነ እንጂ ሜዳውን ይዞ አልቀረም። በ1996 መጨረሻ ስሙን ዌስተርን ቡልዶግስ አለ፤ በ1997 የመጨረሻውን ትልቅ የወንዶች ጨዋታ እዚያ ተጫውቶ ወጣ። ሜዳው በ1995 ባረፈው፣ ለክለቡ 321 ጨዋታ በተጫወተው በቴድ ዊትን ስም ዊትን ኦቫል ተብሎ ቀረ። ክለቡ በ1954 ያገኘውን ዋንጫ ዳግመኛ ያነሣው ከ62 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነው። ያን ሰሞን ባርክሊ ጎዳና ላይ የነበረውን ጩኸት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ መኪና ማቆሚያ አጣን ብላችሁም አማርራችኋል።

እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ። እናንተ ሜዳው ሞቷል ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ ሜዳው ግን አልሞተም። የካቲት 3 ቀን 2017 የሴቶች ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታው በካርልተን አሮጌ ሜዳ ሲደረግ 24,568 ሰው ገብቶ በሩ ተዘጋ፤ ብዙ ሰው ከውጭ ተመለሰ። በማግስቱ የቡልዶግስ ሴቶች ዊትን ኦቫል ላይ ተጫወቱ። ከ1997 ወዲህ ለሊጉ ነጥብ የሚቆጠርበት ትልቅ ጨዋታ ወደዚያ ሜዳ የተመለሰው በሴቶች እግር ነው። ዛሬ ከነሐሴ እስከ ኅዳር የሴቶቹ ጨዋታ እዚያ አለ፤ በክረምቱ ደግሞ ዛሬ ቪኤፍኤል በሚባለው የታችኛው ሊግ ወንዶቹ ይጫወታሉ። ሽማግሌዎቹ የሚናፍቁት ነገር አብዛኛው እዚያ ነው፦ ቆሞ ማየት፣ ተጫዋቹን በስሙ መጥራት፣ ከጨዋታ በኋላ ልጆች ሣሩ ላይ መግባት። ኖርዝ ሜልበርንም ቢሆን ትልቅ ጨዋታ በጠፋበት በአርደን ጎዳና ላይ ከ2010 ጀምሮ «ዘ ሃድል» ብሎ የስደተኛ ልጆች የሚያጠኑበትና የሚጫወቱበት ቤት ከፍቷል። የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ፎቆች ልጆች እዚያ ይሄዳሉ። ወላጆቻቸውስ? ልጁን የወሰዱት እነማን እንደሆኑ የማያውቅ አባት አለ።

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። ሁለት ፈረቃ የምትሠሩትን አልነካም፤ ታክሲ ላይ አድራችሁ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብትተኙ መብታችሁ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታችሁ አርሰናልን የምታዩት ግን ስለ እንቅልፍ አታውሩኝ። አሥራ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ ክለብ ሲሸነፍ ቀኑን ሙሉ የምታኮርፉ ሰዎች፣ በእግር የሚደረስ ሜዳ ላይ ማን እንደተጫወተ አታውቁም።

ሕጉ አይገባንም ትላላችሁ። በየቡድኑ 18 ሰው፣ በሴቶቹ ሊግ 16። አራት ዘንግ በየጫፉ፤ በመካከለኞቹ ሁለቱ በእግር ከገባ 6፣ በጎን ካለፈ 1። ከሌላ ተጫዋች እግር ቢያንስ 15 ሜትር የመጣ ኳስ ሳይወድቅ የያዘ ያለ ግፊያ ይመታል። ኦፍሳይድ የለም። ይኸው፣ ገባችሁ። የቀረውን ከጎናችሁ የቆመው ሰው ሳትጠይቁት ያስረዳችኋል፤ እንዲያውም ዝም ማሰኘቱ ነው የሚያስቸግራችሁ።

የፈረንጅ ጨዋታ ነው ትላላችሁ። ካርቱም ተወልዶ በግብፅ በኩል የመጣ፣ እዚሁ በምዕራብ ሜልበርን ያደገ ማጃክ ዳው በ2013 ለኖርዝ ሜልበርን ተሰልፏል፤ ከእሱ ወዲህ የደቡብ ሱዳን ልጆች በየክለቡ ሞልተዋል። እነሱ ሲገቡ እኛ ምን እየጠበቅን ነው? ግብዣ? ኒኪ ዊንማርን ማን ጋበዘው?

እንግዲህ በሚቀጥለው የቡልዶግስ ሴቶች የሜዳቸው ጨዋታ ቀን ዌስት ፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ውረዱ፤ ከዚያ በእግር ነው። ዋጋው ከኤምሲጂ ጋር አይወዳደርም። ሴት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ «እግሯ ይሰበራል» ብላችሁ የከለከላችኋቸውን። ዳቦ ቆሎ መያዝ ይቻላል፣ ለጎረቤትም አዳርሱ። ጃኬት እንዳትረሱ፤ የዚያ ሜዳ ነፋስ ዜጋና እንግዳ አይለይም።