«አይዞህ» ብቻውን ድባቴን አያክምም

ጅማ ውስጥ ለከፋው ሰው ምክር ሞልቷል። አንዱ «አይዞህ» ይላል። ሌላው ጠበል ወይም ዱዓ ያስታውሳል። ጓደኛ ደግሞ «ና፣ በርጫ ላይ ተጫወት» ብሎ ይጎትታል። በክፋት የሚናገር የለም። ግን ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው በምክር ብቻ አይነሳም። ድባቴ ሕመም ነው። (ስለ ጫቱም እናውራ ከተባለ፣ ከሰዓት ያነቃቃውን ሰው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል፤ በነጋታው ድብርቱ ይብሳል።)

ለዚህ ሕመም ከኪኒን ሌላ በንግግር የሚሰጥ ሕክምናም አለ። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ ባጭሩ ሲቢቲ ይሉታል። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ነው መልክ ያስያዘው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይሰጣል።

የቡና ዋጋ ወርዶበት የከሰረ ነጋዴ እናስብ። ወዳጁ ስልክ ሳያነሳለት ሲቀር «ናቀኝ» ይላል። ቀጥሎ «ድሮም የማልረባ ነኝ፣ ከእንግዲህ የሚስተካከል ነገር የለም» ይላል። ሱቅ መሄድ ይተዋል። ሳይሄድ ሲቀር ዕዳው ይከማቻል። ያኔ «አላልኩም?» ይላል። ሲቢቲ የሚሠራው ይህን ሐሳብና ድርጊት እርስ በርስ የሚባባሱበትን አዙሪት ለመስበር ነው።

ባለሙያው «ተሳስተሃል» አይለውም። ይጠይቀዋል። መናቁን በምን አወቅህ? ወዳጅህ ለቅሶ ላይ ሆኖስ ቢሆን? ኔትወርክ ጠፍቶስ ቢሆን? ከዚያ የቤት ሥራ ይሰጠዋል፦ ነገ ደግመህ ደውልና የሆነውን ጻፍ። በጣም ለደከመው ደግሞ ከድርጊት ይጀመራል። ጠዋት ተነስቶ መታጠብ፣ እስከ አዌቱ ወንዝ በእግር ደርሶ መመለስ። ስሜቱ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ መጀመሪያ ይሠራል፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል።

«ልጁ የከፋው ሥራ አጥቶ ነው፤ ወሬ ምን ይፈይድለታል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ ሥራ ማጣት የሐሳብ ስህተት አይደለም። ሲቢቲም «መልካም መልካሙን አስብ» የሚል ስብከት አይደለም። ችግሩን ቆራርሶ ዛሬ የሚቻለውን መለየትም የሕክምናው አካል ነው። ሲቢቲ ሥራ አያስቀጥርም። ሥራ የሚፈልግበትን አቅም ግን ሊመልስለት ይችላል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን ሕክምና ለማግኘት ለምን ትልቅ ሆስፒታል ድረስ መምጣት ያስፈልጋል? በፓኪስታን ገጠር ከእኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚመሳሰሉ ሴቶች በሲቢቲ መንገድ ሠልጥነው ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ቤት ለቤት አገዙ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ውጤቱን ያሳያል። ከወሊድ 6 ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው ከታገዙት 23 በመቶ፣ በዚህ መንገድ ካልታገዙት 53 በመቶ ነበሩ። ዚምባብዌም ሠልጥነው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያወያዩ አያቶች አሏት።

እኛም ጤና ኤክስቴንሽን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ከተማ ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያሠለጥናል። ሁለቱን ማገናኘት ነው የቀረው። ከጤና ጣቢያ ነርሶች ይጀመር። ውይይቱ በሽተኛው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞ ለሚያዝን ሰው የአማርኛ ቅጽ አይዘርጉለት። በሩ የሚዘጋ ክፍልም ይኑር፤ እዚህ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ሕመሙ የጠናበት፣ በተለይ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ሰው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይወሰድ። ኪኒን የጀመረም ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ። ለነርሶቹ ደግሞ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ፣ አበል ከፍሎ፣ ሰርተፍኬት አድሎ መበተን ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ያቃታቸውን በሽተኛ ይዘው በየሳምንቱ የሚያማክሩት ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲው ሊመደብላቸው ይገባል።