ባለ ወረቀት ቅርፊቱ ሜፕል ተረስቷል

ስለ ሜፕል ዛፎች የጻፋችሁት ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን «ሜፕል በመዳፍ መሰል ቅጠሉ ይለያል» ያላችሁት አንድ በጣም የምወደውን ዛፍ ከቤተሰቡ ያስወጣብኛል። ባለ ወረቀት ቅርፊቱን ሜፕል፣ በሳይንሳዊ ስሙ አሴር ግሪሴምን ማለቴ ነው።

የእሱ ቅጠል መዳፍ አይመስልም። በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ትናንሽ ቅጠሎች ናቸው ያሉት። ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥር አመድማ ነው። ግሪሴም የሚለው የላቲን ቃልም ግራጫ ማለት ነው። ሜፕልነቱን ከተጠራጠራችሁ ዘሩን ተመልከቱ፤ እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ጥንድና ባለ ክንፍ ነው።

ቅርፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው! መልኩ ቀረፋ። እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይጠቀለላል፤ ቶሎም አይረግፍም፣ ግንዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ጥቅልሎቹ ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ዛፉ በሙሉ ፍም ይመስላል። ቅጠሉ ረግፎ እንኳ ዓይን ይስባል። እባካችሁ በእጃችሁ አትላጡት።

የኒኮ ሜፕል የሚባለው ዘመዱም ሦስት ሦስት ቅጠል ስላለው ያሳስታል። የሱ ቅርፊት ግን ለስላሳ ነው፣ አይላጥም።

የአሴር ግሪሴም የትውልድ አገር መካከለኛው ቻይና ነው። ወደ አውሮፓ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1901 ዕፅዋት ሰብሳቢው ኧርነስት ዊልሰን ነው። በዝግታ ስለሚያድግ ለትንሽ ግቢ ይስማማል። ችግኙ እንደ ልብ የማይገኘው አብዛኛው ዘሩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነው። በዱር ያለው ደግሞ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ነው፤ ስለዚህ የተከላችሁ ሰዎች አደራ፣ ተንከባከቡት።